ይቺ የአባዬ ታንኳ ናት!

ትርንጎ ስድስት ዓመቷ ነው። ቤቷ ጣና ሐይቅ ዳር ነው፤ ትምህርት ቤቷ ደግሞ ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ ነው።

አባቷ አያልነህ ታንኳ ይሠራል። ሐይቁ ዳር የሚበቅለውን ረጅሙን ደንገል ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ከዚያም በገመድ ያስራል። እጥፍ! ጥብቅ! እጥፍ! ጥብቅ!

አዲሷን ታንኳ ግን ብቻውን አልሠራትም። ትርንጎ ገመድ አቀብላዋለች። የጫፏን ቋጠሮ የቋጠረችውም ራሷ ትርንጎ ናት፤ ውሸት እንዳይመስላችሁ!

አንድ ቀን ቲቸር ውዴ፣ «ልጆች፣ ዛሬ በእንግሊዝኛ መጠቆም እንማራለን» አለች።

ወንበሯን ነካ አደረገች። «ቅርብ ሲሆን፣ ዚስ!» በመስኮት ዛፉን ጠቆመች። «ሩቅ ሲሆን፣ ዛት!»

እርሳሶቹን በእጇ ያዘች። «ብዙ ሆነው ቅርብ ሲሆኑ፣ ዚዝ!» ሰማይ ላይ የሚበሩትን ወፎች አሳየች። «ብዙ ሆነው ሩቅ ሲሆኑ፣ ዞዝ!»

«ዚስ! ዛት! ዚዝ! ዞዝ!» ብለው ልጆቹ ጮኹ። ክፍሉ ሊፈርስ ነበር!

«በሉ፣ አሁን ደግሞ የምትወዱትን ነገር ጠቁሙ» አለች ቲቸር ውዴ።

ይበልጣል የሚባለው ልጅ ቦርሳውን እቅፍ አድርጎ፣ «ዚስ!» አለ።

ትርንጎ ወደ መስኮቱ ሮጠች። «ዛት! ያቺ የአባዬ ታንኳ ናት! እኔም ሠርቻታለሁ!»

ልጆቹ ሁሉ መስኮቱ ላይ ተደረደሩ። ታች ሐይቁ ዳር ብዙ ታንኳዎች ፀሐይ እየሞቁ ቆመዋል። ታንኳ ውሃ ስለምትጠጣ፣ ከሐይቁ ስትወጣ አቁመው ያደርቋታል።

«የቷ ናት?» አሉ ልጆቹ።

«ያቺ!»

«የቷ ያቺ?»

«ያቺ! ያቺ! ያቺ!»

ይበልጣል ሳቀ። «እኔ የሚታየኝ ዞዝ ብቻ ነው! ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ደግሞ አንቺ ታንኳ መሥራት የት ታውቂያለሽ?»

ትርንጎ ኩምሽሽ አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«አርብ የወላጆች ቀን ነው» አለች ቲቸር ውዴ። «የምትወዱትን ነገር ይዛችሁ ኑና ለሁሉም አሳዩ።»

ይዛችሁ ኑ? ታንኳ ቦርሳ ውስጥ አትገባ!

ማታ ትርንጎ አባቷን፣ «አባዬ፣ ታንኳችንን ትምህርት ቤት እንውሰዳት» አለችው።

«ታንኳ? ኮረብታ ላይ?» ብሎ አባቷ ከት ብሎ ሳቀ። ዓይኗን ሲያይ ግን ሳቁን አቆመ። «ምነው ልጄ?»

«ሩቅ ስለሆነች ማንም አያውቃትም። እኔ መሥራቴንም አላመኑኝም።»

አባቷ ራሱን አከክ አከክ አደረገ። «እስቲ አንሺያት።»

ትርንጎ ታንኳዋን ጨብጣ ሳበች። «እህህህ!» ታንኳዋ ንቅንቅ አላለችም።

«ከሰዓት ዓሣ ሳጠምድባት ውሃ ጠጥታ ጠግባለች» አለ አባቷ። «ስትጠግብ ዝሆን ናት። እስክትደርቅ እንጠብቃታለን።»

አቆሟት። ውሃው ጠብ! ጠብ! ጠብ! አለ።

በማግስቱ አባቷ ዓሣ ሊያጠምድ አልወጣም። ታንኳዋን ከፊት ለፀሐይ ሰጣት። ጠብ! ጠብ!

በሦስተኛውም ቀን አልወጣም። ከኋላ ለፀሐይ ሰጣት። ጠብ!

ከዚያ ዝም አለች። ደረቀች!

አርብ ጠዋት አባቷ፣ «ሆፕ!» ብሎ ታንኳዋን ጭንቅላቱ ላይ አወጣት። ትርንጎ ጫፏን ይዛ ከኋላ ከኋላ ተከተለች።

መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ቀረ። «አያልነህ! ታንኳ ኮረብታ ላይ መቅዘፍ የተጀመረው መቼ ነው?»

«ልጄን ጠይቋት!» አለ አባቷ። ትርንጎም ደረቷን ነፋች።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ሲደርሱ ታንኳዋን መሀል ላይ አሳረፉ። ዘፍ!

ትርንጎ እጇን ታንኳዋ ላይ አደረገች። «ዚስ!» አለች። «ዚስ ኢዝ ታንኳ! ይቺ የአባዬ ታንኳ ናት። ይቺን ቋጠሮ የቋጠርኳት እኔ ነኝ!»

ይበልጣል ቀረብ ብሎ ቋጠሮዋን ሳበ። አልተፈታችም። በሁለት እጁ ሳበ። አሁንም አልተፈታችም!

«እስቲ ሌላ ቋጥሪ» አላት።

ትርንጎ ከታንኳዋ ጫፍ የተንጠለጠለውን ገመድ አነሳች። እጥፍ! ጥብቅ!

«ውይ!» አለ ይበልጣል። «እውነቷን ነው! እኔንም አሳዪኝ!»

ሁሉም አጨበጨቡ። ቋ! ቋ! ቋ!

«ጎበዝ ትርንጎ!» አለች ቲቸር ውዴ። «አባትሽስ የት አሉ?»

ትርንጎ ዞር ዞር ብላ ፈለገችው። አባቷ በሩ አጠገብ፣ ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሟል። ልብሱ ላይ ደንገል ተጣብቋል። አፍሮ አንገቱን ደፍቷል።

«ዛት…» ብላ ጠቆመች ትርንጎ። ግን ጣቷን መለሰች። አባቷ ሩቅ ነው። በጣም ሩቅ ነው።

ሮጠች! ተፍ ተፍ ተፍ! በሰዎቹ መሀል ሾልካ ሄዳ ሻካራ እጁን ያዘችው። እየጎተተችም መሀል ግቢው ድረስ አመጣችው።

እጁን ወደ ላይ አነሳችና ባላት ድምፅ ሁሉ ጮኸች። «ዚስ! ዚስ ኢዝ አባዬ!»

አባቷ ዓይኑ በእንባ ተሞላ፤ ግን ቀና አለ። ደስ ሲለው፣ ሲኮራ ብታዩት!

ወደ ቤት ሲመለሱ ታንኳዋ ጭንቅላቱ ላይ ነበረች። በአንድ እጁ ታንኳዋን ደገፋት። ሌላውን እጁን ግን ትርንጎ ቤት እስኪገቡ ድረስ አልለቀቀችውም።