አራተኛው ፓምፕ

መኪናዋ ለሦስተኛ ጊዜ ቀጥ ያለችው የጋራዡ በር ላይ ለመድረስ አሥር እርምጃ ሲቀራት ነበር። ልጅቷ የሥራ ማዘዣ ከምትጽፍበት ጠረጴዛ ተነሥታ ወጣችና ከኋላ ትገፋ ጀመር። ባለመኪናው መምህር በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በትከሻው ይገፋ ስለነበር፣ ማን እንዳገዘው ያወቀው ከገቡ በኋላ ነው።

«ይቅርታ፣ ልብስዎን አቆሸሽኩብዎት።»

«ልብስ ይታጠባል። መጀመሪያ የት ላይ ጠፋችብዎት?»

«ዳገቱ ላይ። ሁልጊዜ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው፤ ስትሞቅ።»

ይህን እስከዚያ ቀን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ቀና ብሎ አያት፤ አየችው። ከዚያ ሁለቱም ዐይናቸውን ወደ መኪናዋ መለሱ፤ መኪናዋ ግን ያን ያህል የሚታይ አዲስ ነገር አልነበራትም።

መኪናዋ ከአጎቱ የወረሳት አሮጌ መኪና ነበረች። መምህሩ የሁለት ዓመት የእረፍት ጊዜውን ሠውቶ የድሮውን ሞተር አወጣና፣ ነዳጁን በኤሌክትሪክ ፓምፕ እየተገፋ የሚያገኝ አዲስ ሞተር ገጠመላት። ገላዋን ውስጥና ውጭ ሰማያዊ ቀባት። ፓምፑን መግጠም ብቻ ለጋራዡ ባለቤት፣ ለልጅቷ አባት ተወለት። አባት ገጠመ፤ መኪናዋ ጠፋች። ፓምፑን ቀየረ፤ ጠፋች። ደግሞ ቀየረ፤ ይኸው ዛሬም ተገፍታ ገባች።

አባት ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት አራተኛውን ፓምፕ በካርቶኑ ይዞ መጣ። «የዘንድሮ ፓምፕ ሁሉ ወረቀት ነው» አለ።

«ችግሩ ፓምፑ አይደለም፣ አባዬ።»

ላሜራ የሚያቃናው፣ «መዶሻው» እየተባለ የሚጠራው አንጋፋ ሠራተኛ እንኳ እጁን አየር ላይ አቆመ።

«አንቺ ወደ ጠረጴዛሽ» አለ አባት።

በመኪና ኤሌክትሪክ ትምህርት አንደኛ ከወጣች ዓመት አልፏታል። የምስክር ወረቀቷ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ እሷ ከሥሩ ተቀምጣ የሌሎችን ሥራ ትመዘግባለች። አባቷ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሴት ልጅ ሽቦ ስትነካ ያየ ደንበኛ ተመልሶ አይመጣም ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር።

«ደንበኛው ይኸው ቆሟል» አለች። «ጠይቀው።»

«እኔ እመለሳለሁ» አለ መምህሩ ቶሎ ብሎ።

«እሱስ ይመለሳል» አለ መዶሻው። «ለመኪናዋ ብቻ መሆኑን እንጃ።»

አባት ካርቶኑን አስቀመጠ። «እስከ ምሳ ሰዓት ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ዳገቱ ላይ ከጠፋች ግን ዳግመኛ ሽቦ አትነኪም።»

«ካልጠፋችስ?»

«ያኔ እንነጋገራለን።»

«አንነጋገርም፣ አባዬ። ካልጠፋች ጠረጴዛውን እለቃለሁ።»

ሞተሩን አስነሥታ እስኪሞቅ ጠበቀች። ሃያ ደቂቃ ረጅም ነው፤ ለእሷና ለመምህሩ ግን አጠረባቸው። ተማሪዎቹ ሰሌዳ ላይ ሥዕሉን እየሣሉ እንደሚያስቸግሩት ነገራት። «አፍንጫዬን ብቻ ነው የሚያበዙት» አለ። እሷም ዐይታ፣ «አላበዙትም» አለችው። ሳቀ። «እርስዎ» የሚለው ቃል መቼ ከመካከላቸው እንደወጣ አንዳቸውም ልብ አላሉም።

ሞተሩ መንገታገት ሲጀምር የቮልት መለኪያውን አንድ ጫፍ ፓምፑ ጋ ካለው የመመለሻ ሽቦ፣ ሌላውን ከባትሪው ኔጌቲቭ አገናኘች።

«ዜሮ አካባቢ መሆን ነበረበት። አራት ቮልት ያሳያል» አለችው። «ኤሌክትሪኩ ወደ ፓምፑ ደኅና ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን መንገዱ ተዘግቶበታል። እየጋለ ሲሄድ ይብስበታል። ማሳው የታሰረው የት ነው?»

ማሳ የሚሉት ያንኑ የመመለሻ ሽቦ ነው። መምህሩ የኋላውን ምንጣፍ ገለጠ። ሽቦው በሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ቀለም ላይ በብሎን ታስሯል፤ ከቀለሙ ሥር ያለውን ብረት በወጉ አልነካውም።

ማን እንዳሰረው ልጅቷ ከአስተሳሰሩ ዐወቀች። የአባቷ እጅ ነው። ደንበኛው የደከመበትን ቀለም ላለመቧጨር ሲጠነቀቅ፣ የፓምፑን መመለሻ ዘጋው። ሁለት ፓምፕ ያባከነው ስንፍና ሳይሆን ይሉኝታ ነበር።

«መፋቅ አለበት» አለች ቀስ ብላ።

«ይህን ቀለም አንድ ወር ነው የቀባሁት» አለ መምህሩ። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀቱን ከእጇ ወስዶ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ራሱ ፋቀው። እሷ ሽቦውን መልሳ አሰረች፤ መለኪያው ወደ ዜሮ ወረደ።

ዳገቱን የነዳችው እሷ ነች። አባት ከጎኗ፣ መምህሩ ከኋላ ነበሩ። ዐሥራ ዘጠኝ ደቂቃ፤ ሃያ፤ ሃያ አምስት። አናቱ ላይ ሲደርሱ ሞተሩ ድንገት ጸጥ አለ።

«ብዬሽ ነበር» አለ አባት፤ ድምፁ ግን አልተደሰተም።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ሞቃ ሳለች ተመልሳ ካልተነሣች ሥራው አላለቀም።» እጇን ቁልፉ ላይ አደረገች።

«ጋሼ» አለ መምህሩ ከኋላ። «ጸጥ ካለ አይቀር፣ ስለ ልጅዎት አንድ ነገር ፈቃድ ልጠይቅዎት…»

«ለምን እሱን ትጠይቀዋለህ?» አለች ሳትዞር። «የሚመለከተው እኔን ነው።»

መምህሩ ወደ ፊት ጠጋ አለ። «እንግዲያው አንቺን ልጠይቅ። መኪናዋ ባትበላሽም ልምጣ?»

በመስተዋቱ ዐየችው። ቁልፉን አዞረች፤ ሞተሩ በግማሽ ዙር ተነሣ።

«ና» አለች።

አባት መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ውጭ ተመለከተ። «ማሳውን ቀለሙ ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለ። ቀጥሎም እንደ ማጉረምረም ብሎ፣ «ጠረጴዛው ላይ አሁን ማን ሊቀመጥ ነው?»

«ወንበሩ ምቹ ነው፣ አባዬ። ሞክረው።»

ዛሬ ልጅቷና መምህሩ በሚኖሩበት ቤት፣ አባት በሠርጋቸው ቀን ያመጣላቸው አንድ ካርቶን የመምህሩን መጻሕፍት እንዳይወድቁ ደግፎ ይቆማል። ውስጡ አራተኛው ፓምፕ ነው። አንድም ቀን አልተከፈተም።