አንዲት ጡብ በመስኮት ስታልፍ

ኦላና ቃሊቲ ውስጥ ገና በሚሠራ ሕንፃ ሥር ተዘርሯል። ጡቧ ከራሱ አጠገብ ለሁለት ተሰብራለች። ምስኪን፣ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም።

ሥራቸው እንዲህ ነበር፤ ኦላና ከታች «ያዝ!» ብሎ ቀና ሳይል ጡብ ይወረውራል፣ ሻፊ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ ይቀልባል። ጠዋት ተጣልተው ነበርና ሻፊ ጡቧን ከላይ ለቀቀበት ተባለ። እጁ በካቴና ታስሯል፤ መጨረሻው ቂሊንጦ እስር ቤት ነው።

«ወላሂ ቦታዬ ላይ አልነበርኩም! ፎርማኑ ጠርቶኝ ነው።»

«እኔ? ማንንም አልጠራሁም» አለ ፎርማኑ ጣሰው።

ኢንስፔክተር ዲንቄ ፎቁ ላይ ወጣች። በጓሮ በኩል ሁለት ሰው የሚያነሳው ወፍራም አጠና ተጋድሟል፤ የሻፊ ጓንት አንዱ ጫፍ ላይ ቀርቷል። ወርዳ ወደ ማዶው ሱቅ ተሻገረች።

«ሐጀራ፣ ምን አየሽ?»

«ጡቧ በአንደኛ ፎቅ መስኮት ስታልፍ አየሁ። ወደ ደንበኛዬ ዞሬ ‹ሳሙናው የልብስ ነው የገላ?› አልኩት። ‹የልብስ› ሲለኝ፣ ቋ! አለ።»

ረዳቷ ነቢል ስልኩ ላይ ያሰላል።

«ከመስኮቱ ከፍታ ወደ ኋላ ሄጄ ጡቧ ያለፈችበትን ሰዓት አወጣሁ።»

«ስንት መልስ ሰጠህ?»

«ሁለት። ኳድራቲክ እኩልታ ከከፍታ ወደ ሰዓት ሲገለበጥ እንዲህ ነው፤ አንዱ ከፍታ ሁለት ሰዓት አለው፣ ሲወጣና ሲወርድ። የመውጫውን ጣልኩት።»

«ለምን?»

«ጡብ ስትወርድ ነዋ የምትገድለው!»

«የገደለችውስ ስትወርድ ነው። የታየችውስ?»

ሁሉንም ሰበሰበቻቸው፤ የኦላና ሚስት ቢፍቱም ነጠላዋን ነክሳ ቆመች። ዲንቄ ከሁለተኛ ፎቅ ጡብ አስለቀቀች። መስኮቱን ስታልፍ ሐጀራ «ሳሙናው የል—» ከማለቷ፣ ዱብ!

«አያችሁ፣ የምትወርድ ጡብ ጥያቄ አታስጨርስም። ሐጀራ ያየቻት ስትወጣ ነው። ወርዋሪው ራሱ ኦላና ነው፤ ቀላቢ አጥታ ተመለሰችበት። ሻፊ ፎቁ ላይ በጓሮ በኩል አጠና ያነሳ ነበር፤ ጓንቱ እዚያው ነው። ሌላኛውን ጫፍ ማን ያዘ?»

ጣሰው አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ... ላንዳፍታ ና ብዬ ነው። ለኦላና ሳልነግረው። ከዚያ ፈራሁ።»

ካቴናው ተፈታ። ሻፊ ግን እጆቹን እንዳጣመረ ቀረ።

ቢፍቱ ወደ ዲንቄ ጠጋ አለች። «እህቴ፣ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ሰዓቱን አገኛችሁት። የኔንስ ሰው በየት በኩል ልመልሰው?»

ዲንቄ ባዶውን ካቴና በእጇ ይዛ፣ አንዴ ጣሰውን፣ አንዴ መስኮቱን አየች።