ቀንዳሙ ባዕድ

ግድግዳው ላይ የቀረው ሚስማሩ ብቻ ነበር።

ኢፍቲን ሳሎኑ በር ላይ ቆማ ጮኸች። ከኋላዋ የነበሩት ሽማግሌው ጃፓናዊ ፕሮፌሰር ናካሃራ ግን ባዶውን ግድግዳ አይተው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ነገ የሚከፈተው ኤግዚቢሽን ዋና ሥዕል፣ «ቀንዳሙ ባዕድ»፣ የለም።

ኢፍቲን የኤግዚቢሽኑ አዘጋጅ ናት። ሀርጌሳ ተወልዳ ያደገች፣ ነገር ቶሎ የሚገባት ሴት። ጩኸቷን ስትጨርስ እግሯ ስር ተመለከተች። ደፉ ላይ አንድ ጥንድ ነጠላ ጫማ አለ። የግራው ማሰሪያ ተበጥሶ በሽቦ ተጠግኗል። የማን እንደሆነ ግቢው ውስጥ የማያውቅ የለም።

«ማንም ምንም እንዳይነካ!» አለች። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ጫማውን ፎቶ አነሳችውና ለፖሊስ ደወለች።

ኢንስፔክተር ዓብዲራሺድ ኮድቡር ሰፈር ሲደርስ ጃፓኖቹ በሚኖሩበት ግቢ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ባጃጅ ያቆሙ አሉ፣ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ አሉ። ወሬ እግር አለው ይባላል፤ ሀርጌሳ ውስጥ ባጃጅም አለው። ሥዕሉ ምን እንደሚመስል ከመካከላቸው የሚያውቅ የለም። ሌባውን ግን ሁሉም ያውቃል። ሐበሻው ሾፌር ነው።

ሐበሻው ሾፌር ወንድዬ ይባላል። ለዓመታት በበርበራ መንገድ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ ሚስቱ ረድኢት ስታረግዝ የከተማ ሥራ ይሻለኛል ብሎ የጃፓኖቹን መኪና ያዘ። ኢንስፔክተሩ ያገኘው ከጃፓኖቹ ቤት ጀርባ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በባዶ እግሩ መኪና ያጥባል። እግሩ ጭቃ በጭቃ ሆኗል።

«ጫማህ የት አለ?» ሲል በአማርኛ ጠየቀው።

ከፖሊስ አፍ አማርኛ ይወጣል ብሎ ያልጠበቀው ወንድዬ ደነገጠ። «ክፍሌ በር ላይ ነው። መኪና ሳጥብ አወልቀዋለሁ።»

«ክፍልህ በር ላይ የለም። ሳሎኑ በር ላይ ነው ያለው።»

«ማን ወሰደው?»

«እሱን አንተ ንገረኝ።»

«በማርያም፣ ሳሎን አልገባሁም! የፕሮፌሰሩ ረዳት ሃያሴ መኪናውን እጠብ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ አልተነቃነቅኩም።»

«ያየህ ሰው አለ?»

«ከመኪናው ሌላ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዓብዲራሺድ ይስቅ ነበር። «ሥዕሉን ደጋግመህ ስታየው ነበር ይላሉ።»

«አይቼዋለሁ። ቀንድ ያበቀለ ሰው ተሰቅሎ ማን ሳያይ ያልፋል?»

ዓብዲራሺድ አማርኛውን የተማረው ድሬዳዋ ነው። እናቱ ከሀርጌሳው ጦርነት ሸሽታ ታቅፋው ገብታ፣ እዚያው አደገ። ሰፈር ውስጥ ዕቃ በጠፋ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈተሸው የእነሱ ቤት ነበር። ስለዚህ የወንድዬ ዓይን ውስጥ ያለውን ፍርሃት ያውቀዋል፤ ማወቁም ምቾት ነሳው። ቢሆንም ፖሊስ የሚሠራው በማስረጃ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ደፍ ላይ ተቀምጧል። አለቃውም ደጋግመው ይደውላሉ። ሾፌሩ ሥዕሉን ካላወጣ ከሰዓት ከሚሰገደው የዐስር ሶላት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ድንበር በሚሄደው መኪና ይጫን ብለዋል።

ካቴናውን አወጣ።

በግቢው በር ሲያልፉ ሰዉ «ቱግ! ቱግ!» እያለ ጮኸ። ሌባ፣ ሌባ ማለቱ ነው። ረድኢት ከምትሠራበት ከጋአን ሊባህ ሰፈር በባጃጅ ደርሳ ሆዷን በእጇ ደግፋ ወረደች።

«ኢንስፔክተር፣ ምን አድርጎ ነው?»

«እየተጣራ ነው።»

«ሳይጣራ ካቴና?»

ኢንስፔክተሩ ወንድዬን ለፖሊሱ ለሂርሲ አስረክቦ ተመልሶ ገባ።

ፕሮፌሰሩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ረዳታቸው ሃያሴ አጠገባቸው ቆሞ ወለል ወለሉን ያያል። ወጣት ነው፤ ሸሚዙ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ንግግሩ በእንግሊዝኛ ነበር።

«ሥዕሉ ምን ነበር?»

«ሰው ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ። «ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው። ሰዓሊው ግን ቀንድና ክራንቻ ሰጠው። ብብቱ ስር ደግሞ ከቤተ መቅደስ የሰረቀው ደወል አለ።»

«ሰዓሊው ሰውዬውን አይቶት ያውቃል?»

«አያውቅም። ለዚህ ነው ቀንድ ያበቀለው።»

ሽማግሌው ተነሥተው ከሌሎቹ ሥዕሎች ፊት ተመላለሱ። መቀመጥ ያቃታቸው ይመስላሉ። «አገራችን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ በሯን ዘግታ ኖራለች። ከአውሮፓ የሚገቡት ሆላንዶች ብቻ ነበሩ። እነሱም ዘበኛ ከሚጠብቀው ድልድይ ማዶ፣ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በወሬ ነው። በኋላ የአሜሪካ ጥቋቁር መርከቦች መድፍ ጭነው መጡና ደነገጥን። በአንድ ትውልድ ኮታቸውን ለበስን። ብዙም ሳይቆይ ጎረቤቶቻችንን ቁልቁል ማየት ጀመርን። አንዴ ራሳችንን ከሰው ሁሉ በላይ፣ አንዴ ከሰው በታች እናደርጋለን። ያቃተን እኩል ማየት ነው።»

«ይህን ሀርጌሳ ድረስ አምጥቶ ማሳየት ለምን አስፈለገ?»

«እዚህም እንግዳ አለና።»

ዓብዲራሺድ ወደ ሃያሴ ዞረ። «ሥዕሉ ሲጠፋ የት ነበርክ?»

«ፎቅ ላይ። ስልክ እያነጋገርኩ። ፕሮፌሰሩና ኢፍቲን ከተማ ሄደው ነበር፤ አብረው ሲመለሱ ጩኸት ሰማሁና ወረድኩ።»

«ጫማውን ነክተሃል?»

«አልነካሁም። ኢፍቲን ማንንም አላስጠጋችም።»

ኢፍቲን እውነት ነው በማለት ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አንድ ስም አነሣች። ሰሀል የሚባል የጥንት ዕቃ ነጋዴ ሥዕሉን ካልሸጣችሁልኝ ብሎ ሲመላለስ ከርሟል።

ዓብዲራሺድ ይህን ሲሰማ ደስ አለው። እውነቱን ለመናገር፣ ሌባው ሌላ ሰው እንዲሆን መፈለግ ጀምሯል። ገበያውን አቋርጦ ሰሀል ሱቅ ገባ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነበት። ሰሀል ከጠዋት ጀምሮ የእህቱ ልጅ ሰርግ ላይ ነበር፤ ሲጨፍር የተቀረጸውን ቪዲዮ ሰፈሩ ሁሉ በስልኩ ይዞታል።

አዛን ተሰማ። የቀትሩ የዙሁር ሶላት ደርሷል። ኢንስፔክተሩ ከገበያው ጎን ያለው መስጊድ ገብቶ ሰገደ፤ ሐሳቡ ግን ከድንበሩ መኪና አልተላቀቀም። ሲወጣ ጫማውን ፈለገ። የሰዉ ጫማ አፍንጫው ወደ መስጊዱ እንደዞረ፣ እንደተወለቀ ቀርቷል። የራሱንም ለማጥለቅ ፊቱን ወደ መስጊዱ ማዞር ነበረበት።

አንድ እግሩን አጥልቆ ቆመ። ስልኩን አወጣ። ኢፍቲን የላከችለትን ፎቶ አየ።

የወንድዬ ነጠላ ጫማ ጎን ለጎን ተስተካክሎ ተቀምጧል። አፍንጫው ወደ ደጅ ነው።

«አስታግፊሩላህ» አለ ዓብዲራሺድ።

ጣቢያ ሲደርስ ፎቶውን ለሂርሲ አሳየው። ሂርሲ ትከሻውን ሰበቀ። «ሌባ አይደል? ለመሮጥ እንዲመቸው ነዋ።»

«ለመሮጥ ያዘጋጀውን ጫማ ትቶት በባዶ እግሩ ይሄዳል?»

ሂርሲ ስልኩን ተቀብሎ ፎቶውን እንደገና አየ።

«ወለሉስ? ወንድዬ እግሩ ጭቃ ነበር። የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ግን ምንም የለም። በል፣ የድንበሩ መኪና ቢመጣ እንኳ እኔ ሳልደውል እንዳታስወጣው።»

ጃፓኖቹ ቤት ሲመለስ ፕሮፌሰሩንና ሃያሴን ሳሎን እንግባ አላቸው። ራሱ ቀደመ። ጫማውን አውልቆ እንደነገሩ ጥሎት ገባና ዞር ብሎ ተመለከተ። ፕሮፌሰሩ ጫማቸውን አውልቀው በርከክ አሉና አፍንጫውን ወደ ደጅ አዙረው አስቀመጡ። ሃያሴም እንደዚያው አደረገ። ከዚያ እጁ ዝም ብሎ ወደ ኢንስፔክተሩ ጫማ ሄደና እሱንም አዞረለት።

«አመሰግናለሁ» አለ ዓብዲራሺድ። «የወንድዬንም እንዲህ ነው ያዞርክለት?»

ሃያሴ እንደተንበረከከ ቀረ።

ዓብዲራሺድ ፎቶውን ለፕሮፌሰሩ ሰጣቸው። ቶሎ የገባቸው እሳቸው ነበሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ሐበሾች አመል ያወጣል ከመሀል ይላሉ» አለ ኢንስፔክተሩ። «እኛ ጫማችንን አውልቀን እንደወደቀ እንተወዋለን፤ እኔም፣ ወንድዬም። ሥዕሉ ሲወሰድ ፕሮፌሰሩ ከኢፍቲን ጋር ነበሩ። ቤት ውስጥ የቀረኸው አንተ ነህ። ሥዕሉ የት አለ?»

«የምተኛበት ፍራሽ ውስጥ» አለ ሃያሴ በቀስታ። «ጠቅልዬው። ማቃጠል አልቻልኩም።»

«ለምን ወሰድከው?»

«ሰዓሊው የአያቴ ቅድመ አያት ነው። ነገ ስሙ በማይክሮፎን ሊነበብ ነበር። ይህ ከተማ የሚነዳው የእኛን መኪና ነው። መንገድ ላይ ሰው ያቆመኛል፤ ጃፓን ጎበዝ፣ ጃፓን ታማኝ ይለኛል። ነገ ግን ሰውን ሁሉ ቀንዳም፣ ሰውን ሁሉ ሌባ አድርገን ስንስል እንደነበር ሊያዩ ነው። የቤት ገመና ለውጭ ሰው አይታይም። ፕሮፌሰሩን ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉኝ።»

«ወንድዬስ ምን አደረገህ?»

«ምንም። ሰው የሚያምነው... እሱ ነው ቢባል ነው። ወደ አገሩ ይመልሱታል፣ ያን ያህል አይጎዳም ብዬ ነበር።»

ፕሮፌሰሩ በእንግሊዝኛ ተናገሩት፤ ኢንስፔክተሩም እንዲሰማ መፈለጋቸው ነው። «የአያትህ ቅድመ አያት ሌባ አድርጎ የሳለው አይቶት የማያውቀውን ሰው ነው። አንተ ግን በየቀኑ ከዚህ ሰው አጠገብ ትቀመጥ ነበር።»

ሃያሴ አለቀሰ። ዓብዲራሺድ ሊያዝንለት ሞከረ፤ ረድኢት ሆዷን ደግፋ ከባጃጅ ስትወርድ ትዝ አለችውና አልሆነለትም። ስልኩን አንስቶ ለሂርሲ ደወለ።

ወንድዬ ከሚስቱ ጋር ሲመጣ ሥዕሉ ተገኝቶ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። ፕሮፌሰሩ ወገባቸው እስኪታጠፍ ጎንበስ አሉለት። ሃያሴ ከእሳቸውም ዝቅ አለ። የታላላቆቹን ጎንበስ ማለት ያልለመደው ወንድዬ ተሳቅቆ እሱም ጎንበስ አለ። ከዚያ ነገሩ ታወሰውና ቀና አለ።

«ሥራህ እንዳለ ነው» አሉ ፕሮፌሰሩ፤ ኢንስፔክተሩ አስተረጎመ። «ፈቃድህ ከሆነ ነገሩን እዚሁ ቤት ውስጥ እንጨርሰው።»

ወንድዬ እጁን፣ ካቴናው የነበረበትን ቦታ፣ ያሻል።

«እኔ ሌባ የተባልኩት ቤት ውስጥ አይደለም» አለ። «በር ላይ ነው። ይቅርታውንም በር ላይ ነው የምፈልገው።»

ፕሮፌሰሩ ትርጉሙን ሰምተው ሃያሴን ትከሻውን ነካ አደረጉት።

ሰዉ አልተበተነም ነበር። ሃያሴ የግቢው በር ላይ ቆሞ፣ ሥዕሉን የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ የዚህን ሰው ጫማ አምጥቼ ያስቀመጥኩትም እኔ ነኝ፣ እሱ ምንም አላጠፋም አለ። ኢፍቲን ቃል በቃል ወደ ሶማሊኛ መለሰችው። ጠዋት ከጮኹት አንዱ ባጃጁን ሊያስነሳ ቁልፉን ፈለገ፣ አንዱ ስልኩን ማየት ጀመረ። ሂርሲ ሃያሴን ይዞት ወደ ፖሊስ መኪናው ሄደ።

ረድኢት ግን አንድ ጊዜም ሃያሴን አላየችም። የምታየው ኢንስፔክተሩን ነው።

«ጃፓኑ ጫማ አስቀመጠ፤ ተናገረ፤ ተፈጸመ» አለች። «ካቴናውንም ያስገባለት እሱ ነው እንዴ?»

ማስረጃ ነበረኝ ሊላት ይችል ነበር። አለቃዬ አዘዙኝም ሊላት ይችል ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። አማርኛ የሚሰማው ጥቂት ሰው ስለሆነ፣ ዝም ብሎ ቢያልፋትም የሚያውቅበት አልነበረም።

ዓብዲራሺድ ቆቡን አወለቀ።

«አይደለም። እኔ ነኝ» አላት። «ሐበሻ ስለሆነ ነው ሳላጣራ ያሰርኩት። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

«ለእኔ አይደለም» አለች ረድኢት። እጇን ወደ ሰዉ ዘረጋች። «ለእነሱ።»

ወደ ሰዉ ዞረ። ጎረቤቶቹ ናቸው፣ ነገም አብሯቸው የሚሰግድ ነው። ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረውን ቃል ሳያስቀር በሶማሊኛ ደገመው።