ትንቢት ዛንዚባር የሄደች ሰሞን

ትንቢት በዛብህ ዛንዚባር ደሴት ላይ ግዙፍ ኤሊዎችን ቅጠል ታጎርሳለች በተባለበት ሰሞን፣ ሬሳዋ ቱሉ ዲምቱ፣ አንድ ያላለቀ ፎቅ ሥር፣ ውሃ ማጠራቀሚያ ጉድጓድ ውስጥ ነበር።

ያገኛት የፎቁ ዘበኛ ነው። ሽታው እረፍት ቢነሳው የጉድጓዱን ቆርቆሮ አነሳ። ልጅቷ ከነሻንጣዋ አለች።

እናቷ ወይዘሮ መሰለች ይህን ጉድ የሰሙት የባላቸው የአርባ ተዝካር እንኳ ሳይደርስ ነው። አቶ በዛብህ ኩላሊታቸው ሲያማቅቃቸው ከርሞ፣ ልጅቷ ሄደች በተባለ በሳምንቱ አረፉ። አሁን ደግሞ እሷ። ለመሰለች የቀራቸው የበኩር ልጃቸው አቢ ብቻ ነው፤ የሚኒባስ ሹፌሩ። በትንቢት ቀብር ላይ ደረታቸውን እየደቁ አንድ ነገር አሉ። «ገዳይሽን በዓይኔ ሳላይ አልሞትም።» እግዜር ደግሞ ስንቱን ለምነነው ዝም ሲል ከርሞ፣ እንዲህ ያለውን ሲሰማ ፈጣን ነው።

መጀመሪያ የተያዘው ሀይረዲን ነው፤ ሳሪስ ላይ የጉዞ ወኪል ቢሮ ያለው፣ ጉዞዋን ያዘጋጀላት። ፖሊስ ሲጠይቀው «በሰላም ተሳፍራለች» አለ። አየር ማረፊያው ግን ጭራሽ አልመጣችም አለ። ስልኳም ከአቃቂ ንቅንቅ አላለም፤ ከዛንዚባር ላከችው የተባለው መልእክት ሁሉ የተላከው ከዚሁ ነው። ሀይረዲን ደግሞ ቤቱ ኮዬ ፈጬ ነው፤ ከጉድጓዱ ብዙም አይርቅም። ሰፈሩ ወዲያው ፈረደበት። መሰለችም ረገሙት።

ሰውየው ግን መልእክቶቹ ሲላኩ ሌሎች ጎብኚዎች ይዞ እዚያው ዛንዚባር ነበር። ፓስፖርቱ ላይ ማህተሙ አለ። ሳያጣራ አፉን ከፈተ እንጂ ሰው አልገደለም። ተለቀቀ።

የዚያን ዕለት ኢንስፔክተር ዙለይኻ መሰለች ቤት መጣች። መልእክቶቹ የገቡት አቢ ስልክ ላይ ነው፤ የእናቱ ስልክ ከመደወል አያልፍም። አቢ ስልኩን ሰጥቷት በሩ አጠገብ ቆመ።

«እማማ መሰለች፣ አብረን እንስማቸው» አለች። ማንበብ ጀመረች።

«ዛሬ የድሮውን ከተማ ዞርን። በሮቹ የተፈለፈሉ ናቸው፤ የነሐስ ጉጥ አላቸው። አባዬን ጉልበቱን ሳሙልኝ።»

«ዛሬ በጀልባ ኤሊዎቹ ጋ ሄድን። መቶ ዓመት ያለፋቸው አሉ። አባዬ፣ ባሕሩ ሥሩ ድረስ ይታያል።»

መሰለች ዓይናቸው ሞላ። አቶ በዛብህ ዕድሜ ልካቸውን ባቡር ሲጠግኑ ኖረው፣ ባቡሩ የሚደርስበትን ባሕር አላዩም። «ሂጂ፤ አይተሽ ንገሪኝ» ብለው የመረቋት እሳቸው ናቸው። አቢ አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ሲያነብላቸው ፊታቸው ይፈካ ነበር።

«ደውላ አታውቅም?»

«ኔትወርኩ አያስደውልም ብላ ጽፋለች።»

«ፎቶው ሁሉ ባሕርና ጦጣ ነው። እሷ የለችበትም።»

«እኔም ጠይቄ ነበር። የምታነሳው እሷ ስለሆነች ነው አለኝ አቢ።»

ዙለይኻ መልእክቶቹን ወደ ታች ገፋች። «ዛሬ የቅርንፉድ እርሻ ጎበኘን። ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል። እማዬ፣ በሞቴ እህል ቅመሺ። ለእኔ ስትይ።» ቀና አለች። «ይሄ መቼ መጣ?»

«ከአባቷ ቀብር በኋላ።»

«መሞታቸውን ማን ነገራት?»

«ማን ይነግራታል፣ ልጄ? መርዶ በስልክ ይነገራል እንዴ? ስትመለስ ዘመድ ተሰብስቦ ጎህ ሲቀድ ሊያረዳት ነበር። ሰፈሩን ሁሉ አደራ ብያለሁ።»

«ታዲያ እህል እንዳልቀመሱ በምን አወቀች?»

መሰለች ስልኩን ትክ ብለው አዩት።

«ለቀስተኛው ሁሉ አይቶ ይሆን?» አለች ዙለይኻ።

አላየም። ለቀስተኛው በላች ብሎ ነው የሚያውቀው። «ቅመሺ፣ ቅመሺ» እያለ ሲያጨናንቃቸው ሳህኑን ይዘው ጓዳ ይገባሉ፤ ባዶውን ያወጣሉ። ምግቡን ተቀብሎ በጓሮ የሚደፋላቸው አንድ ሰው ነው። «እማዬ፣ ትሞቺብኛለሽ» እያለ ያለቅስ ነበር። ያን መልእክት ሲያነብላቸውማ ትንቢት ለመነችኝ ብለው በሉ። በሐዘን የደነዘዘ ሰው ምኑን ከምን ያገናኛል።

አሁን ግን ተገናኘ።

«አዎ፣ ሁሉም ያውቅ ነበር» ቢሉ ያበቃ ነበር። ፖሊሷ ጽፋ ትሄዳለች፤ አቢም ማታ ቤቱ ይገባል። የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ቀና ብለው አዩት። ላብ አጥምቆታል። እዚያው ቢሞቱ ደስ ባላቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ሲባል ይሰሙ ነበር፤ እንዲህ ነው ብሎ ግን የነገራቸው አልነበረም።

«እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው» አሉ።

አቢ አልሮጠም። ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«አየር ማረፊያ እያደረስኳት ነበር» አለ። «አባዬ እየሞተ ነው፣ ቅሪ አልኳት። ራሱ ሂጂ ብሎኛል አለች። አዝዬው ሆስፒታል የማመላልሰው እኔ፤ የማጥበው እኔ። እሱ የሚጠይቀው ትንቢት መቼ ነው የምትሄደው እያለ ነው። መኪናውን ያላለቀው ፎቅ ጋ አቆምኩ፤ ሻንጣዋን ወረወርኩት። ልታነሳ ስትወርድ ገፋኋት። ጭንቅላቷ ግንቡን መታው።»

«ለምን ሐኪም ጋ አልወሰድካትም?»

«ፈራሁ።»

«ሞታ ነበር?»

«ፈራሁ አልኩ እኮ።»

«አቢ፣ ጉድጓድ ስትጨምራት ሞታ ነበር?»

«ትተነፍስ ነበር።»

መሰለች ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጠቀጠቁ።

«መልእክቱስ?» አለች ዙለይኻ።

«በማግስቱ አባዬ ባሕሩ ጋ ደረሰች ወይ አለኝ። ምን ልበለው? ኢንተርኔት ላይ ለጎብኚ የሚጻፈውን እየፈለግኩ፣ ከእሷ ስልክ ወደኔ እየላክኩ አነበብኩለት። ከዚያ ማቆም አቃተኝ።» ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ የእህሉን የጻፍኩት እንድትበዪ ነው። የኔን ልመና እምቢ ስላልሽኝ ነው።»

መሰለች በካቴና ሲወስዱትም ከመደቡ አልተነሱም።

ጎረቤት ያን ሰሞን እግሩ ቀጠነ። ለሞተባት እግዜር ያጥናሽ ይባላል፤ ለታሰረባት እግዜር ያስፈታው ይባላል። ለእሳቸው የሚባለው ጠፋ። እሳቸውም እንዲፈታ መጸለይ አቃታቸው፤ እንዳይፈታ መጸለይም አቃታቸው።

አንድ እሁድ ግን ተነስተው ማረሚያ ቤቱ በር ሄዱ። ወጣት ፖሊስ መታወቂያቸውን ተቀበለ።

«ማንን ሊጠይቁ ነው፣ እማማ?»

«ልጄን።»

«ምን አድርጎ ነው የገባው?»

«ልጄን ገድሎ።»

ፖሊሱ ቀና ብሎ አያቸው። ከዚያ መታወቂያውን መለሰላቸውና በሴቶቹ ሰልፍ በኩል እንዲቆሙ አሳያቸው።