በሀዋዬ ጡት የተማለ

ሀዋዬ ከወሎ ወጥታ ዓደን ስትገባ ይዛው የመጣችው ሀብት በሆዷ ያለ ጽንስ ብቻ ነበር። ባሏ ባሕሩ ላይ ቀረ። ኸይሩን በወለደች ሰሞን ደግሞ የነጋዴው የሀሺም ሚስት ወንድ ልጅ ተገላግላ በዚያው አረፈች። ሀሺም ቤት አለው፣ ዘመድ አለው፣ ገንዘብ አለው፤ ጡት ግን ከየት ያምጣ? ማጂድ የተባለው ያ ጨቅላ የጣሳ ወተት አልስማማው ብሎ ሊሞት ሲል ሀዋዬን ለምነው አስገቧት። በአንድ ጎኗ ኸይሩን፣ በሌላው ማጂድን አቅፋ አሳደገች። በሸሪዓው ልጆቹ ወንድማማች ሆኑ፤ ማጂድም አፉን ሲፈታ «ዩማ» አላት፣ እናቴ ማለቱ ነው። ታዲያ ይህ እናትነት ከማድቤት በር አላለፈም! ልጆቹ ሲያድጉ ማጂድ ትምህርት ቤት ተላከ፣ ኸይሩ ጋራዥ ተቀጠረ። ይኼው ነው እንግዲህ ወንድማማችነታቸው።

ኸይሩ ሰላሕ አድ-ዲን ሰፈር በሚገኘው ጋራዥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ሆነና በእጅ ሥራው የተመሰገነ ባለሙያ ወጣው። ዘንድሮ ማጂድ አባቱን ነዝንዞ አንድ መሪው በግራ የሆነ የጃፓን የእሽቅድምድም መኪና አስገዛ። እሱም አልበቃውም! ሞተሩን የሚያዘውን የፋብሪካ ኮምፒውተር አስወልቆ ከዱባይ ያስመጣውን ሌላ ሊያስገጥም ወደ ኸይሩ መጣ። ኸይሩ በዚያ ሙቀት ሽቦውን አንድ በአንድ እየለየ፣ እየበየደ ገጠመው። ሥራው ግን በመግጠም አያበቃም። አዲሱ ኮምፒውተር ምን ያህል ቤንዚን እንደሚረጭ፣ መቼ እሳት እንደሚሰጥ ገና ይነገረዋል። ጋራዡ መኪናን እንደቆመ የሚፈትን ማሽን ስለሌለው ይህ የሚሠራው መንገድ ላይ ነው፤ አንዱ ይነዳል፣ ሌላው ከጎኑ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ እያየ ነዳጁን «ስጠው»፣ «ልቀቅ» ይላል።

ጠንቃቃው ኸይሩ ፍጥነቱ ከልክ ሲያልፍ ነዳጁን የሚቆርጥ ገደብ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባ። ማጂድ ይህን ሲሰማ አበደ። ዒድ ነው፣ ጓደኞቹ አል-ዐሪሽ ባሕር ዳር ስልካቸውን ደግነው ሊቀርጹት ይጠብቁታል፤ ገደቡን አንሳልኝ አለ። ኸይሩ እምቢ አለ። ማጂድ ለመነው፣ ተቆጣው፣ በመጨረሻም «ወንድሜ አይደለህም እንዴ?» አለው። አይ ይቺ ቃል! በደህናው ቀን የምትረሳ፣ ጉዳይ ሲኖር ብቻ የምትታወስ ቃል!

ኸይሩ ተሸነፈ።

«እንግዲያው በእናታችን ጡት ማልልኝ» አለው። «ልቀቅ ስልህ ትለቃለህ።»

«በሀዋዬ ጡት፣ ልቀቅ ስትለኝ እለቃለሁ» አለ ማጂድ።

ኸይሩም ገደቡን አነሳ። የበየደውን ሽቦ ሁሉ እየጎተተ ካልፈተነ የማያምን ልጅ፣ መሐላውን ሳይፈትን አመነ! ሞኝ ነው ልበለው? እንዴት ልበለው? እናቱ ያሳደገችው በጡት የተማለ አይፈርስም እያለች ነው። ለእሱ ያ መሐላ ከገደቡ ይልቅ የጠነከረ ነበር።

ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አል-ዐሪሽ ደረሱ። ጎረምሶቹ ጮሁ፣ ማጂድም ሰጠው። መንገዱ ከፊት ይጠመዘዛል፣ ጥምዝዙ ላይ ደግሞ ንፋስ ያመጣው አሸዋ ተኝቷል። «ልቀቅ» አለ ኸይሩ። ማጂድ ወደ ስልኮቹ እያየ ፈገግ አለ። «ልቀቅ፣ ወንድሜ!»... አልለቀቀም! መኪናው አሸዋው ላይ ተንሸራቶ በቀኝ ጎኑ ከሲሚንቶው አጥር ጋር ተላተመ። ኸይሩ ሆስፒታል ሳይደርስ ነፍሱ ወጣች። ማጂድ ግን በተጎዳ ትከሻ ብቻ ተረፈ። ምነው ሞት፣ ዓይን የለህም?

ይህም ሳያንስ ማጂድ አባቱ አልጋው ላይ አጎንብሶ ሲጠይቀው «የነዳው ኸይሩ ነው» አለ። ጓደኞቹም የቀረጹትን ከስልካቸው አጥፍተው በዚያው ማሉ። ወሬው ሰፈሩን ዞረ፤ ሐበሻው የሰው መኪና ሲጋልብ ራሱን ገደለ፣ የጌታውን ልጅም ሊገድል ነበር ተባለ። ሀዋዬ ልጇን ቀብራ ሳትጨርስ ስሙን ደግሞ ሊቀብሩባት ተነሡ! ልጄ ይህን አያደርግም ብትል ማን ይስማት? የቀራት እኮ ያ ስም ብቻ ነበር።

ማጂድ ከሷ እጅ ካልሆነ አልበላም አለ። እሷም፣ የናት ሆድ መቼ ይጨክናል፣ እንባዋን እየጠረገች አጎረሰችው። አንድ ጠዋት ትከሻህን ላሽልህ ብላ የሰሊጥ ዘይት አሙቃ መጣች። አይሆንም ብሎ ልብሱን ጨብጦ ያዘ፤ ሕፃን ሳለ እንደምታደርገው እጁን አስለቅቃ ገለጠችው። ከግራ ትከሻው ወደ ደረቱ የወረደ ጥቁር ሰንበር አየች። የቀበቶ ሰንበር! ኸይሩ እናቱን በመኪና ባሳፈራት ቁጥር ቀበቶውን ራሱ ነበር የሚያስርላት፤ ከነጂው ጎን ለተቀመጠ ሰው በቀኝ ትከሻ ነው የሚወርደው። በግራ ትከሻ የሚወርደው ለሚነዳው ብቻ ነው። ሀዋዬ ዘይቱን ቀብታ ጨረሰችና እጇን ታጠበች።

በዚያኑ ዕለት ሀሺም ዓቂል የሚባለውን የሰፈር ሹምና ሽማግሌዎችን ሰብስቦ ማጂድንም አጠገቡ አስቀምጦ አስጠራት። በሰው ፊት ክስ የለኝም እንድትል ነው የፈለጉት።

«ኡም ኸይሩ፣ የኸይሩ እናት» አላት፣ «መኪናውን ልጅሽ ቢያጠፋውም እኛ ይቅር ብለነዋል። አንቺም ይቅር በይና ነገሩ ይዘጋ። ቀደር ነው፣ የአላህ ውሳኔ።»

ይቅር ብለነዋል! የገደሉትን ይቅር አሉት! ሰማይ እንዴት ቻለው?

ሀዋዬ ወደ ማጂድ ሄደች። ኮሌታውን ይዛ እስከ ደረቱ ገለጠችና ሰንበሩን ለሁሉም አሳየች።

«ይኼ ቀበቶ በየትኛው ወንበር ላይ ነው የሚታሰረው?» አለች። «መኪና ያላችሁ ንገሩኝ።»

«በነጂው ነው» አለ ዓቂሉ አቀርቅሮ። ማጂድ ከመቀመጫው ተንሸራቶ እግሯ ላይ ወደቀ።

«እኔ ነበርኩ፣ ዩማ። ልቀቅ አለኝ። ደጋግሞ አለኝ። በጡትሽ ምዬለት ነበር... አልለቀቅኩም።»

ሀዋዬ እጇን ወደ ደረቷ ሰደደች። እናት ጡቷን ይዛ ከረገመች የሚመልሰው እንደሌለ በዚያ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ማጂድም ከሷው ሰምቶ ነው ያደገው፣ ፊቱን ምንጣፉ ላይ ደፋ። እጇ እዚያው ቆየ። ከዚያ ቀስ ብላ አወረደችው።

«አልረግምህም» አለች። «ይህን ጡት ኸይሩም ጠብቶታል፣ በሱ ድርሻ ላይ እርግማን አልጨምርም። ይቅርታ ግን ከኔ ዘንድ የለም። ሂድና የማልክለትን ጠይቅ።»

ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ስትወጣ ሀሺም እንደገና ቀደር ነው አለ። ማጂድ እስከ ደጁ ተከትሎ «ዩማ» እያለ ጠራት። እሷ ወደ ልጇ መቃብር ስትሄድ አልዞረችም።

እናንተም ዕጣ ነው የምትሉ ሰዎች፣ እኔም ሞት በአላህ እጅ መሆኑን አልክድም። ያን ቀን ነዳጁን የረገጠው እግር ግን የማጂድ ነበር።