የእሾህ ቀይ መስመሮች

እሾህ የሚሉት ሰውዬ በምርጫ ዘመቻ ቢሮው የኋላ ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ሲገኝ፣ በከተማዋ ውስጥ ያላዘነው ሰው ካዘነው በአሥር ሺህ ይበልጥ ነበር፤ ያውም ሲያንስ ነው። ሰውዬው በዕድሜው ሙሉ አንዲት ሐሳብ ነበረችው፤ «የሞተ ሰው ቤት ለልጁ አይለፍ፣ ለከተማው ይግባ» የምትል። ይህን በአደባባይ ከተናገረ ወዲህ ቤት ያለውም፣ ቤት የሌለውም፣ ቤት በሕልሙ ያየውም ጥርሱን ነክሶበታል።

የከፋው ነገር የእሾህ የልብ ጓደኛ ለከንቲባነት የሚወዳደረው እጩ መሆኑ ነው። እጩው ስለ ውርስ አንዲት ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ስብከቱ ስለ ውኃ ቧንቧና ስለ መንገድ መብራት ነው። ጋዜጣው ግን «ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች» ብሎ በፊት ገጹ ጻፈበት፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ ደጋፊው እንደ ቅቤ ቀለጠ።

ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው እሾህ ሞተ። ሬሳውን ያገኘው ደግሞ ራሱ እጩው ነው፤ ጠዋት አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ብቻውን።

«በቃ፣ አለቀ» አለ የፖሊስ አዛዡ። «ጓደኛው ሸክም ሆነበት፣ ገፈተረው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስረዋለሁ።»

«እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለእኔ ይስጡኝ» አለች መርማሪዋ መርፌ።

መርፌ የሚለውን ስም ያወጡላት ወንጀለኞች ናቸው። ቁመቷ ከጠረጴዛ እምብዛም አይዘልም፣ ድምጿም ቀጭን ነው፤ ግን አንዴ ትክ ብላ ያየችው ሰው የራሱን ጥፋት ጨርሶ የአያቱን መናዘዝ ይጀምራል ይባላል። አዛዡ ይፈራታል፤ ከዚያም በላይ ይቀናባታል። ስለዚህ «እሺ» አለ፣ እንድትሳሳት እየጸለየ።

ደረጃው አሥራ አራት እርከን ነው። ከደረጃው ራስ ላይ የእሾህ ክፍል አለ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስኮት። ጠረጴዛው ላይ እጩው ማታ በስብሰባ የሚያነበው አሥራ ስምንት ገጽ ንግግር ተቀምጧል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በቀይ እርሳስ አጫጭር መስመሮች ተሰምሮበታል። መርፌ ቀዩን እርሳስ አንስታ ጫፉን በጣቷ ነካችው። ሹል ነው። ወለሉን አየች፣ ቅርጫቱን ገለበጠች፤ የእርሳስ ቅራፊ የሚባል የለም።

«ሐኪሙ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

«ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ሞቷል፤ ከዚህ በላይ አታስጨንቁኝ አለ» አለ አዛዡ።

መጀመሪያ የገባው የእጩው ታላቅ ወንድም ነው። አሥራ አንድ የሚከራዩ ቤቶች አሉት። ጉንጩ አብጦ ሌላ ጭንቅላት ያበቀለ ይመስላል፤ አፉ ውስጥ ጥጥ አለ።

«ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ተኩል የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነበርኩ፣ እህት ዓለም። መንጋጋዬን ይዞ ሲጎትት ጩኸቴ ያልደረሰበት ሰፈር የለም።»

«እሾህን ይጠሉት ነበር?»

«ስለ ቤቶቼ ነው የሚመስልሽ? ቤቱስ ይቅር! ወንድሜ እሱን ‹ወንድሜ› ይለው ነበር። የአንድ እናት ጡት የጠባነው እኔና እሱ ነን፤ ያ የማን ጡት እንደጠባ እንኳ አላውቅም!»

ቀጥላ የእጩው ሚስት ገባች። አስተማሪ ናት፤ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ስልሳ ተማሪ ፊት ቆማ ስታስተምር ነበር።

«ልዋሽሽ አልችልም፣ እህቴ፤ አላለቀስኩም» አለች። «ባሌ ወሬውን ሁሉ እሱ ጋ ጨርሶ ለእኔ የሚያመጣልኝ ማንኮራፋቱን ነበር። በልጅነቱ ታሞ አንዱ ሳንባው እንደማይሠራ እንኳ ለእኔ የነገረኝ ከተጋባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ለእሾህ ግን ገና ድሮ! ከእኔ፣ ከወንድሙና ከእሾህ በቀር ይህን ማንም አያውቅም። አደራ፣ አንቺም አልሰማሽም።»

«አልሰማሁም» አለች መርፌ፤ አንዲት ቃል ሳትወድቅባት የሰማችው ሴትዮ።

ሦስተኛው ንግግር ጸሐፊው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ለእጩው ጽፏል። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ አንዱ ከገበያ ተነሥቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ሰው አስለቅሶ፣ ሳይታክት ይመለሳል።

«ንግግሩን መቼ ሰጡት?»

«ትናንት ማታ ቤቴ ጨረስኩ። ዛሬ ሁለት ሰዓት ላይ በእጄ ለእሾህ ሰጠሁት። እስክሰጠው ድረስ ሌላ ሰው አላየውም። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ወጥቼ እስከ አምስት ሰዓት ሬዲዮ ጣቢያ ነበርኩ፤ ጥበቃው ሳይቀር ይመስክር።»

«ቀዮቹ መስመሮች ምንድን ናቸው?»

ጸሐፊው ከከንፈሩ ጫፍ ፈገግ አለ። «ጭብጨባ የሚጠራበትን ቦታ ነው የሚያሰምረው። እኔ ስወልድ እሱ ክርስትና ያነሣል! ጋሼ የእሱ መስመር ከሌለበት አያነቡም። ‹እስቲ እሾህ ይየው›፣ ‹እሾህ ምን አለ?› አሥራ ሁለት ዓመት!»

«ለማስመር ምን ያህል ይፈጅበታል?»

«ሁለት ሰዓት ሙሉ። እያጉረመረመ ነው የሚያነበው።»

«እንግዲያው እስከ አራት ሰዓት በሕይወት ነበር ማለት ነው።»

«እርስዎ አሉት እንጂ እኔ አላልኩም» አለ።

እጩው መጨረሻ ገባ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ከሁለት እስከ አራት የት ነበሩ?»

«ቤቴ ተኝቼ። ምስክሬ ትራሴ ነው።»

«አንድ ቃል ቢክዱት ምርጫው የእርስዎ ነበር። ለምን አልካዱትም?»

«ሐሳቡንማ አልቀበለውም፤ አርባ ዓመት ተጨቃጭቀንበታል። ሰውዬውን ግን የት ልጣለው?»

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ መርፌ አራቱንም ከአዛዡ ጋር በእሾህ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ክፍሉ ጠቦ ወንድምዬው መስኮቱ ላይ ተቀመጠ። አዛዡ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል።

መርፌ ከመሳቢያ አንድ ያለፈ ዓመት ንግግር አውጥታ ለእጩው ሰጠችው። «እሾህ እንዳሰመረው ያንብቡልን።»

እጩው ቆሞ አነበበ። ድምፁ እንደ ወንዝ ወረደ፤ ቀዩ መስመር ጋ ሲደርስ ለአፍታ ያርፋል፣ ይቀጥላል። አዛዡ እንኳ ሳያስበው ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን ደግሞ የዛሬውን።»

እጩው ጀመረ። ሁለተኛው መስመር ጋ ሲደርስ ድምፁ ሳሳ፤ ሦስተኛው ጋ ሳይደርስ ፊቱ ጠቆረ፣ ጠረጴዛውን ጨብጦ ማጣጣር ጀመረ። ሚስቱ ዘላ ደገፈችው። «በቃ! ልትገድሉት ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች መርፌ። «አሁን ቀዩ መስመር ምን እንደሆነ ይንገሩን።»

እጩው እየቆራረጠ መለሰ፤ «መተንፈሻዬ ነው። የሚሠራው ሳንባዬ አንድ ነው። እሾህ ድምፄን እያስታወሰ... የት እንደሚያልቅብኝ ያውቃል።»

ጸሐፊው ቀና አለ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ፍርሃት አልነበረም፤ ገና ፍርሃት አልነበረም።

«እንግዲህ ተከተሉኝ» አለች መርፌ። «አሥራ ስምንት ገጽ ያሰመረ እርሳስ ጫፉ ሹል ነው፤ ቅራፊው ግን እዚህ ክፍል የለም። ዛሬ በዚህ እርሳስ ማንም አላሰመረም። መስመሮቹም የእሾህ አይደሉም፤ እሾህ ጓደኛውን አያንቅም። ሌላ ሰው ነው ያሰመረው፤ ጭብጨባ መስሎት፣ የሚያምረው ቦታ ላይ ሁሉ።»

«እጩው ራሱ አስመስሎ ቢሆንስ?» አለ አዛዡ።

«አንድ ሰው የሞትን ሰዓት የሚያሳስተው ለራሱ ሲል ነው። መስመሮቹ እሾህ እስከ አራት ሰዓት ኖሯል እንድንል ነው የተቀመጡት። ይህ ለእጩው ምን ይጠቅመዋል? በሁለትም በአራትም ምስክር የለውም። ወንድሙና ሚስቱም አይጠቀሙም፤ በሁለትም በአራትም ምስክር አላቸው። የሚጠቀመው ሁለት ሰዓት ላይ እዚህ የነበረ፣ አራት ሰዓት ላይ ግን ሬዲዮ ጣቢያ የታየ ሰው ብቻ ነው። ደግሞስ ንግግሩ ማታ ሙሉ እጁ ላይ ያደረ፣ አስቀድሞ ሌላ ቅጂ ሊያሰምር የሚችል ማን ነበር?»

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ ጸሐፊው ዞረ።

«ለጋዜጣውም እሾህን ያሳጣኸው አንተ ነህ» አለችው፤ አክብሮቷን እንደ ካፖርት አወለቀች። «አዘጋጁን በስልክ ጠየቅሁት፤ ‹ስም የሌለው ደብዳቤ ነው፣ ግን አንዱ ዓረፍተ ነገር ብቻ ገጽ ይሞላል› አለኝ። ሐሳቡ ሰው ያስጠላል፣ ጋሼም ያባርሩታል ብለህ ነበር። አላባረሩትም።»

ጸሐፊው መርፌን አላያትም። «ሳንባ?» አለ ወደ እጩው ዞሮ። «አሥራ ሁለት ዓመት ቃል ሳቀብልዎት? ለእሱ ነግረው፣ ለእኔ... እኔ ምንዎ ነበርኩ፣ ጋሼ? ‹እሾህን ያባርሩት› ስልዎ እምቢ ሲሉኝ፣ ‹እሾህ ከሌለ ንግግሩም ይቅር› ሲሉኝ፣ ሌሊቱን ሌላ ቅጂ አስምሬ አመጣሁ፤ ጠዋት ደረጃው ላይ ቆሞ ሳቀብኝ መሰለኝ። ገፋሁት። አዎ፣ ገፋሁት! ለምን አልነገሩኝም?»

እጩው ንግግሩን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ብነግርህ» አለ፣ «አዝነህልኝ አጭር አጭር ትጽፍልኝ ነበር። እኔ ረጅሙን ወድጄው ነው።»

ጸሐፊው ሁለት እጁን ዘረጋ። አዛዡ ለእጩው ያመጣውን ካቴና ለእሱ አጠለቀለት።

ታች በር ላይ የጋዜጠኛው መዓት እርስ በርሱ ይረጋገጣል። ወንድምዬው ጥጡን ተፋ።

«በል ስማኝ፤ አሁን ደግሞ የነፍሰ ገዳይ ወዳጅ ሊሉህ ነው። ውጣና ‹አንዱ ተቀጣሪ፣ ሌላው የሰፈር ሰው ነው፤ ቀርቤ አላውቃቸውም› በል። ታሸንፋለህ።»

«አሸንፋለሁ» አለ እጩው። ኮቱን አስተካክሎ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። ሚስቱ ሮጣ ቀኝ ክንዱን ያዘች፤ ወንድሙም ላለመቀደም ግራውን ያዘ፤ ማን ይበልጥ እንደሚጠጋው በክርን እየተጓሸሙ ወረዱ።

በሩ ተከፈተ። «እሾህ ጓደኛዎ ነበር?» «ገዳዩስ?» ጥያቄው እንደ በረዶ ወረደባቸው።

«ሁለቱም» አለ እጩው። «ሁለቱም ጓደኞቼ ነበሩ። አንዱን ነገ እቀብራለሁ፣ ሌላውን እስር ቤት ሄጄ እጠይቃለሁ። እሑድ እንደወደዳችሁ ፍረዱ።»

ወንድምዬው «ወይኔ ከንቲባነት!» ብሎ ጉንጩን ያዘ። የወንድሙን ክንድ ግን አልለቀቀም።