የዛገው ጓጉንቸር

ይሄን ታሪክ ሰው አልነገረኝም። እኔው ነበርኩ። በነዚህ ዓይኖቼ ያየሁት፣ በነዚህ ጆሮዎቼ የሰማሁት ነው።

አላምንም ያለ መብቱ ነው። እኔም ቆሜ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ፀሐይ አናት ላይ... ባህሩ ፀጥ ብሏል... ብረቱ ከመጋሉ የተነሳ በእጅ አይነካም።

ቦታው ባህር መሀል የቆመ የነዳጅ መቆፈሪያ ነው። ዙሪያው ውሃ ነው። ሠራተኛው ከአለቃ እስከ ምግብ አብሳይ ወንድ ነው። ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነን፣ እኔና ብሎን።

ብሎን እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም። አጭር ናት፣ የያዘችውን ነገር ግን አትለቅም፤ ለዛ ነው ወንዶቹ እንዲህ ያሏት። እኔን ደግሞ "ጭቅጭቅ" ይሉኛል። ለምን እንደሆነ ካሁኑ ገብቷችሁ ከሆነ አልቀየምም።

ወደ ብረቱ፣ መቆፈሪያውን እንዲያ ነው የምንለው፣ የምንወጣው በክሬን ነው። ጀልባው ላይ የገመድ ቅርጫት ውስጥ እንቆማለን፣ ጋሼ ከላይ ይስቡናል። ጋሼ የክሬኑ ሹፌር ናቸው፣ እዚያ ቦታ እሳቸውን የሚቀድም ሠራተኛ የለም። ከማንሳታቸው በፊት ሁልጊዜ በሬዲዮ "ስንት?" ይላሉ። ቁጥራችንን እንነግራቸዋለን። የክሬኑ ሚዛን ከቁጥሩ ጋር ካልሄደ ንቅንቅ አያደርጉትም።

ሥራችን ጭቃ ነው። ጉድጓዱ ሲቆፈር ወደ ታች የሚላክ፣ ተመልሶም የሚወጣ ጭቃ አለ። እሱ የሚጠራቀምባቸው ቤት የሚያካክሉ የብረት ታንከሮች አሉ። ሲደፈኑ ሰው ውስጥ ገብቶ በአካፋ ይጠርጋቸዋል። ያ ሰው እኛ ነን።

በየታንከሩ ሆድ ውስጥ ጭቃውን የሚያማስል ሚክሰር አለ። ክንፎቹ ከሰው ይረዝማሉ። ሰው ውስጥ እያለ ቢነሳ... በቃ፣ አልጨርሰውም።

ስለዚህ አንድ ሕግ አለ። ወደ ታንከር የሚገባ ሰው መጀመሪያ ሚክሰሩን ያጠፋል፣ ማብሪያው ላይ የራሱን ጓጉንቸር ይቆልፋል፣ መክፈቻውን ኪሱ ይከታል። ጓጉንቸሩ እዚያ ካለ ሰው ውስጥ አለ ማለት ነው። ከባለቤቱ በቀር ማንም አይነካውም።

የአራተኛው ታንከር ማብሪያ ላይ ግን አንድ የዛገ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር።

እኛ ስንመጣ ነበር። ከእኛ በፊት የመጡትም ሲመጡ ነበር አሉ። "አንዱ ኮንትራቱን ሲጨርስ ረስቶት የሄደ ነው" ይላል አለቃው። ታንከሩም ክዳኑ ተዘግቶ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል።

ያን ሰሞን ደክሞን ነበር። ድካም ስላችሁ ተኝተው ሲነሱ የሚለቅ ድካም አይደለም። የሚተካን ቡድን በማዕበል ምክንያት ሳይመጣ ቀረና ፈረቃ በፈረቃ ላይ ደረብን። ጠዋት ጫማዬን ሳስር እጄ የኔ አይመስለኝም ነበር። ብሎን ደግሞ ሾርባ እየጠጣች እንቅልፍ ይዟት ሄዶ ማንኪያውን ከአፏ ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

"ጭቅጭቅዬ" አለችኝ ነቅታ። "ቤት ስገባ ልጄ ብትጠራኝ እንኳ አልነሳም።"

"ትነሻለሽ።"

"እነሳለሁ" አለችና ሳቀች።

ልጇ ገና ጥርሷን እየቀየረች ያለች ሕፃን ናት። ብሎን ፀጉሯን የምታስረው በልጇ ላስቲክ ነው። ላስቲኳ ቀይ ናት፣ የፕላስቲክ አበባ አለቻት። ወንዶቹ ያሾፉባታል። እሷ እቴ! "ስመጣ እንድመልስላት አስምላኛለች፤ ይዣት ካልገባሁ ጉዴ ነው" ትላለች።

ያን ቀን ጠዋት ሁለተኛው ታንከር ተሰነጠቀ። አለቃው "አራተኛው ይከፈት" አለ።

የዛገውን ጓጉንቸር ራሱ በትልቁ መቁረጫ ቆረጠው። ቀጭ... አለ።

ብሎን ጎንበስ ብላ አየችው። ቀለበቱ ላይ የተጠመጠመ ጥቁር ነገር ነበር። ሽቦ መስሎን ነበር።

"ይሄ እኮ የፀጉር ላስቲክ ነው!"

"ከወንዶቹ መሀል ሹሩባ የሚሠራ ነበር ማለት ነው" አልኩ።

አለቃው አልሳቀም። "ከእናንተ በፊት እዚህ ብረት ላይ ሴት ረግጣ አታውቅም" አለ። ይቺን ነገር ለመጣ እንግዳ ሁሉ ይናገራታል፣ ደረቱን ነፍቶ።

የተቆረጠውን ጓጉንቸር ባህር ውስጥ ወረወረው። ጧ... ብሎ ሲገባ አይቻለሁ። ይቺን ያዙልኝ።

ብሎን የራሷን ጓጉንቸር ቆልፋ፣ መብራቷን ይዛ ወረደች። እኔ የታንከሩ አፍ ላይ ተቀመጥኩ። የኔ ሥራ መጠበቅ ነው። አሁንም አሁንም ብረቱን በመፍቻ ሦስቴ እመታለሁ፣ ውስጥ ያለው ሦስቴ ይመልሳል። ደህና ነኝ ማለት ነው።

ኳ... ኳ... ኳ።

ከውስጥም... ኳ... ኳ... ኳ።

ደህና ናት።

ሙቀቱ... ድካሙ... ዓይኔ ሊከደን ሲል ከንፈሬን እነክሳለሁ። ደግሜ መታሁ። ሦስት ተመለሰልኝ።

ከዚያ... ትንሽ ቆይቶ... ሌላ ሦስት።

ከወዲያኛው ጥግ። ቀስ ያለ። አቅም ያጣ ሰው የሚመታው ዓይነት።

የገደል ማሚቶ ነው አልኩ። ድካም ነው አልኩ።

ቀጥሎ እኔ ጭራሽ ሳልመታ ሦስት መጣ።

የብሎን ፊት ከታች ብቅ አለ። ከጭቃው መሀል የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው።

"አንቺ" አለችኝ በሹክሹክታ። "አሁን መለስኩልሽ እኮ። ምን ደጋግሞ መቀጥቀጥ ነው?"

"አልመታሁም።"

"በወዲያ በኩል ዞረሽ..."

"ከዚህ አልተነሳሁም ብሎን።"

ተያየን።

"ውጪ" አልኳት። "አሁኑኑ ውጪ!"

ወጣች። ከታንከሩ ጀርባ ማብሪያዎቹ ያሉባት ጠባብ ክፍል አለች፤ አብረን ገባንና ጓጉንቸሯን ፈታች። ማብሪያው ባዶውን ቀረ። እኔም አየሁ፣ እሷም አየች።

ያኔ ነው በግራ እጇ የያዘችውን ያስተዋልኩት። ታች ከጭቃው ያወጣችው ጓንት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ። የሚሰጡን ጓንት በወንድ ልክ የተሠራ ነው፣ ጣቱ ይተርፈናል። የተረፈ ጣት ማሽን ይይዘዋል፤ ማሽን ከያዘው ደግሞ እጅ ይከተላል። ትንሽ ልክ ይምጣልን ብለን አፋችን እስኪደርቅ ለመንን፣ የሰማን የለም። ስለዚህ እኔና ብሎን የጣቶቹን ጫፍ አጥፈን በመርፌ እንሰፋቸዋለን። ወንዶቹ ይሄን አያደርጉም። ምን ቸግሯቸው?

ብሎን የያዘችው ጓንት ጭቃ ደርቆበት እንጨት ሆኗል። አምስቱም ጣቶች... ጫፋቸው ታጥፎ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል።

"ያንቺ ነው?" አለችኝ።

"የኔ በነጭ ክር ነው። ያንቺስ?"

"የኔ እጄ ላይ ነው።"

ከድካሙ በላይ ብርድ ብርድ አለኝ፣ በዚያ ፀሐይ።

"እዚሁ ጠብቂኝ" አልኳትና ጓንቱን ይዤ አለቃው ጋ ሄድኩ።

"ጨረሳችሁ?"

"አልጨረስንም። እስቲ ይሄን እየው።"

ዞር ብሎም አላየው። "ብሎን ወጥታለች?"

"ወጥታለች፣ ግን..."

"ጓጉንቸሯን ፈታች?"

"ፈታች፣ ግን ውስጥ..."

"እንግዲያው ጭቅጭቁን ተይኝ! ጉድጓዱ ጭቃ እየጠበቀ ነው። የቀረውን ሚክሰሩ ራሱ ያማስለዋል።"

እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ። እየለመንኩት፣ እየተሳደብኩ፣ ጓንቱን ፊቱ ላይ እያውለበለብኩ ጠባቧ ክፍል ገባን። ከዚያ ፀሐይ ስንገባ ዓይናችን ጨለማውን አልለመደም። አለቃው በልማድ እጁን ሰደደ፣ የአራተኛውን ማብሪያ እጀታ ያዘና ወደ ላይ ሳበ።

አልነቃነቅ አለ።

"ምን ሆነ ደግሞ?" በሁለት እጁ ሳበው። አሁንም እምቢ።

ያኔ ትከሻዬ ላይ ያለው ሬዲዮ ጮኸ። የብሎን ድምፅ ነው፣ የተዳከመ።

"ጭቅጭቅዬ... መብራቴን ውስጥ ረስቼው ተመልሼ ገባሁ። መጣሁ፣ አንድ ደቂቃ..."

ጓጉንቸሯን ሳትቆልፍ!

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። በደህናው ጊዜ ብትሞት የማታደርገውን ነው ድካም ያስደረጋት። እሷ ሚክሰሩ ክንፍ ሥር፣ አለቃው በሁለት እጁ እጀታው ላይ።

አለቃው እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰበሰበ። ዓይናችን ጨለማውን ቀስ በቀስ ለመደው... ያኔ እጀታውን የያዘውን አየነው።

ጓጉንቸር ነው። የዛገ። ያው እሱ። ተቆርጦ ባህር የገባው... ምንም ሳይሆን፣ ቀለበቱ ሙሉ፣ ድፍን ብሎ ተቆልፏል። ውሃ ያንጠባጥባል።

ቀለበቱ ላይ የተጠመጠመው ግን የድሮው ጥቁር አልነበረም። ቀይ ላስቲክ ነው። የፕላስቲክ አበባ አለው።

እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ታንከሩ አፍ ስደርስ ብሎን እየወጣች ነው። መብራቷን ይዛለች። ሄልሜቷ እንዳለ ነው፣ የአገጯ ማሰሪያም እንደተቆለፈ ነው። ፀጉሯ ግን ጀርባዋ ላይ ተዘርግፏል።

"ፀጉሬን ማን ፈታው?" አለችኝ።

አቅፌያት አለቀስኩ። እሷ ምኑም ስላልገባት ጀርባዬን ቸብ ቸብ ታደርገኛለች፣ እንደ ልጇ።

ወንዶቹ ተሰበሰቡ። አለቃው መቁረጫውን አስመጣ። "ይሄ የማን ቀልድ ነው? ይቆረጣል!" አለ። መቁረጫውን ጓጉንቸሩ ላይ አደረገ።

ኳ... ኳ... ኳ።

ከታንከሩ ውስጥ ነው። እኔ ውጪ ነኝ። ብሎን ውጪ ናት። ሰው ሁሉ ውጪ ነው።

አለቃው መቁረጫውን መሬት አስቀመጠ። ቀስ ብሎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ።

"ማን ናት?" አለ። ማን ነው አላለም።

ጋሼ ሄልሜታቸውን አወለቁ። ሽበታቸውን አየሁት።

"በእኔ ክሬን ነው የወጣችው" አሉ። "ልጅ እግር ነበረች። አንድ ቀን ኮንትራቷን ጨርሳ ሄደች ተባለ። እኔም ሄደች ብዬ ዝም አልኩ..."

"እና?"

"እና እኔ አላወረድኳትም።"

ከዚያ ወዲያ አራተኛውን ታንከር የነካ የለም። አለቃውም ስለ ሴት ለእንግዳ መናገሩን ተወ። ብሎን ላስቲኳን ለመፍታት አልሞከረችም። "ትቅር" አለች። "ልጄ ታልቅስብኝ ግዴለም። እኔ ካለሁ ታልቅስ።"

የሚተካን ቡድን በመጨረሻ ሲመጣ ጠዋት ነበር። ሻንጣዬን እየጎተትኩ በጠባቧ ክፍል በኩል አለፍኩ። ዓይኔን አሳልፌ አየሁ። የአራተኛው ማብሪያ ላይ ምንም የለም።

ለብሎን አልነገርኳትም። ለመናገርም አቅም አልነበረኝም።

ቅርጫቱ ውስጥ ቆምን፣ እኔና እሷ ብቻ። ንፋሱ ፀጉሯን ፊቴ ላይ ይበትነዋል። ጋሼ ገመዱን ወጠሩት።

"ስንት?" አሉ በሬዲዮ።

"ሁለት፣ ጋሼ።"

ቅርጫቱ ከመሬት ትንሽ ብድግ ብሎ ቆመ።

"ስንት አልሽኝ?"

"ሁለት ነን!"

ከላይ ከክሬኑ መስኮት ሚዛናቸውን ሲያዩ ይታየኛል። ደግመው አዩት። እኛንም አዩን። ከዚያ ሬዲዮው ውስጥ የሚሰማው ትንፋሻቸው ብቻ ሆነ።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ተሰብሯል። "እሺ ልጆቼ... አጥብቃችሁ ያዙ።"

እንዲያ ቀስ አድርገው ሰው ሲያወርዱ አይቼ አላውቅም።

መሀል ላይ፣ ባህሩ ከሥራችን እያለ፣ ብሎን ወደ እኔ ጠጋ አለች። ቦታ ለቀቀች። ለምን አልጠየቅኳትም። እኔም ጠጋ አልኩ።

ቅርጫቱ ጀልባው ላይ ሲያርፍ ብሎን ቀድማኝ ወረደች። ከኋላዋ ነበርኩ።

ፀጉሯ ታስሯል።

በቀይዋ ላስቲክ።